ሰደፍ፣ የፊት መያዣና እጀታ፦ አንድ የፊልም ጠመንጃን ሦስት ማድረግ

ሰኔ መጀመሪያ፦ ምን ተጠየቀ?

ስክሪፕቱ ውስጥ ሦስት ዓይነት ጠመንጃ አለ፤ በጀቱ የአንድ ነው። ስለዚህ አንድ ቦዲ ተሠርቶ ሰደፉ፣ የፊት መያዣውና እጀታው ይቀያየራል። ለዚህ የተመረጠው ኤም 16ና ኤም 4 የሚመደቡበት የኤአር 15 ቅርጽ ነው። ክላሽ ለምን አልሆነም ለሚል፦ የክላሽ ሰደፉም የፊት እንጨቱም ቢቀየር ያች የታጠፈች ካርታው (የጥይት መያዣው) ታጋልጠዋለች፤ አገራችን ውስጥ ክላሽ አይቶ የማይለይ ተመልካች የለም። የኤአር ቦዲ ግን በራሱ ብዙም መልክ የለውም። ከሩቅ ሲታይ መልኩን የሚሰጡት ከፊት ያለው መያዣና ከኋላ ያለው ሰደፍ ናቸው፤ ከቅርብ ሲታይ ደግሞ እጀታው።

ከመጀመሪያው የተቆረጠ ነገር አለ፦ ከእውነተኛ መሣሪያ የተወሰደ አንድም ክፍል አይገባበትም፣ ሰደፍም ቢሆን። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ባለበት አገር «ሰደፉ ብቻ እኮ ነው» የሚል ማብራሪያ ኬላ ላይ መስጠት አያዋጣም። አፈሙዙ ድፍን ብረት ነው፤ ጫፉ ላይ ለመልክ ብቻ 1 ሴንቲ ጥልቀት ያለው ቀዳዳ ይበሳለታል። ምላጩ ይንቀሳቀሳል እንጂ የሚነካው ነገር የለም።

ልኬት

ከፎቶ ልኬት መውሰድ ያሳስታል፤ ሌንሱ ፊት ለፊት ያለውን ያገዝፋል። የሚታወቁ ቁጥሮች ስላሉ ከእነሱ ተነሳን። ኤም 4 ሰደፉ ሲሳብ 838 ሚሊ ሜትር፣ ሲገባ 757 ገደማ ነው፤ ሰደፉ የሚሄደው 8 ሴንቲ ያህል ብቻ ነው ማለት ነው። የአፈሙዙ ርዝመት 368 ሚሊ። ኤም 16 ኤ2 ደግሞ 508 ሚሊ አፈሙዝ ይዞ በጠቅላላ አንድ ሜትር ይሞላል። ከቦዲው በስተኋላ የሚወጣውና ተንሸራታቹ ሰደፍ የሚሄድበት ቱቦ ሁለት ልክ አለው፦ ለወታደር የሚሠራው 29.2 ሚሊ ውፍረት፣ ለገበያ የሚወጣው 29.7 ገደማ። የግማሽ ሚሊ ልዩነት ናት፤ ግን የአንዱ ሰደፍ ሌላው ላይ ወይ አይገባም ወይ ይንገዋለላል።

እኛ ጋ በቀላሉ የሚገኘው 32 ሚሊ የኤሌክትሪክ ፒቪሲ ቱቦ ነው። ካሜራ 3 ሚሊ ልዩነት አያይም። ችግር የሚመጣው ለስሪዲ ፕሪንተር የተዘጋጀ ሰደፍ አውርዶ እዚህ ቱቦ ላይ ለመግጠም ሲሞከር ነው። ብዙ ሰው ፋይሉን በሙሉ ያሳድገዋል፤ ከ29.2 ወደ 32 ለመድረስ ወደ 10 በመቶ ማሳደግ ያስፈልጋል፤ ያኔ ሰደፉ ቁመቱም ወርዱም አብሮ ያብጥና ተዋናዩ ትከሻ ላይ አካፋ ይመስላል። የሚሻለው ውጩን እንዳለ ትቶ ቀዳዳውን ብቻ ወደ 32.4 ማስፋት ነው። በእያንዳንዱ ጎን 1.6 ሚሊ ግድግዳ ይቀንሳል፤ ግድግዳው ከ4 ሚሊ በላይ ከነበረ ይችለዋል፣ ካልሆነ ከውጭ ትንሽ መሙላት ነው።

ሰኔ አጋማሽ፦ ዕቃ

ከምናለሽ ተራ 16 ሚሊ ልሙጥ ክብ ብረትና የላሜራ ቁርጥራጭ፤ ከተክለሃይማኖት አካባቢ የሕንፃ ዕቃ መደብሮች 32 ሚሊና 50 ሚሊ ፒቪሲ፣ አራልዳይት፣ ስቱኮ፣ የብርጭቆ ወረቀት (80፣ 180፣ 320)፤ ከሶማሌ ተራ የአሮጌ መኪና የውስጥ ጎማ፣ 6 ሚሊና 5 ሚሊ ብሎን ከነዳዶውና ከነሮንዴላው። ክብ ብረቱ ከፌሮ ይልቅ ልሙጡ ይሁን፤ የፌሮውን ቡርቡር በሞረድ ለማጥፋት የሚፈጀው ጉልበት ከዋጋው ልዩነት ይበልጣል።

እንጨቱ ዋንዛ ነው። ቀላል ነው፣ ለመሮና ለሞረድ ይታዘዛል፣ ቶሎ አይሰነጠቅም። ወይራ ለእጀታ ያምራል የሚል ሐሳብ ነበር። እውነት ነው ያምራል፤ ግን ጥቁር ቀለም ለሚቀባ ነገር የመሮ ስለት ማበላሸት ምን ይጠቅማል? ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል፤ ለቦዲ አይሆንም። ኮምፔንሳቶ (18 ሚሊ፣ ሁለት ተጣብቆ 36) ለቦዲው ከዋንዛ ይሻላል ማለት ይቻላል፤ ንብርብሩ ስለሚሻገር በአንድ አቅጣጫ አይሰነጠቅም። ጠርዙ ግን ስቱኮ ይጠጣል፤ ሁለት ዙር ካልተቀባ ቀለሙ ሥር መስመሮቹ ይታያሉ።

እጀታ፦ ለምን ለብቻው?

ቦዲውንና እጀታውን ከአንድ ጣውላ መቅረጽ ፈጣን ነው። የሚሰበረውም በዚሁ ምክንያት ነው። የቦዲው የእንጨት ጭረት አግድም ይሄዳል፤ እጀታው ወደታች ሲወርድ ጭረቱ የእጀታውን አንገት ያቋርጠዋል። አንገቱ ላይ አንዱን ጭረት ከሌላው ጋር የሚያያይዘው አጭር ነገር ስለሆነ ጠመንጃው አንዴ በእጀታው ሲወድቅ እንደ ብስኩት ይቆረሳል። ለብቻው ሲሠራ ግን ጭረቱ ከላይ ወደታች በእጀታው ርዝመት እንዲሄድ ማድረግ ይቻላል። የእውነተኛው ጠመንጃ እጀታም በአንድ ብሎን የሚታሰር ስለሆነ ይሄ ከመልኩ ጋር አይጋጭም፤ እዚያም ብሎኑ ከእጀታው ሆድ ገብቶ ወደላይ ቦዲውን ይይዛል።

አሠራሩ፦ እጀታው በርዝመቱ በ6.5 ሚሊ ይበሳል፤ ከታች በኩል 14 ሚሊ ስፋት ያለው ጉድጓድ ተቆፍሮ የብሎኑ ራስ እዚያ ይደበቃል። ብሎኑ 6 ሚሊ ወፍራም፣ 6 ሴንቲ ረጅም። ከላይ ቦዲው ውስጥ ዳዶ ይቀመጣል። እዚህ ጋ የተለመደው ጥፋት ዳዶውን እንጨት ውስጥ በአራልዳይት ብቻ መቅበር ነው። ሦስት አራት ጊዜ ከተፈታና ከታሰረ በኋላ ሙጫው ይላቀቅና ዳዶው ከብሎኑ ጋር አብሮ መዞር ይጀምራል። ያኔ ማጥበቅም መፍታትም አይቻልም፤ ቦዲውን መሰንጠቅ ብቻ ነው። መድኃኒቱ ዳዶውን 20 በ30 ሚሊ በሆነች የ2 ሚሊ ላሜራ ላይ አስበይዶ፣ ላሜራዋን በሁለት ትንንሽ ብሎን ከእንጨቱ ጋር ማሰር ነው። ብየዳው ከጥርሱ ርቆ በዳዶው ጎን ይሁን፤ የብየዳ ፍንጣቂ ጥርስ ውስጥ ከገባ ያ ዳዶ አበቃለት። ሲበየድ አሮጌ ብሎን አስገብቶ መያዝ ጥርሱን ያድነዋል።

ሁለት እጀታ ተሠራ። አንዱ የድሮው የኤ2 ዓይነት ነው፤ ወደኋላ ዘንበል ያለ፣ በመሐል ጣትና በቀለበት ጣት መካከል ጉብታ ያለው። ይቺ ጉብታ በእውነተኛው ጠመንጃም ብዙ ሰው የማይወዳት ናት፤ ጣቱ ወፈር ያለ ሰው ላይ ትቆረቁራለች። ለካሜራ ግን «ይሄ የ80ዎቹ ኤም 16 ነው» የምትል ምልክት እሷው ስለሆነች ትኑር፤ ከ4 ሚሊ በላይ እንዳትወጣ ብቻ። ሁለተኛው ቀጥ ያለ፣ ጉብታ የሌለው፣ ጎኖቹ ሻካራ የሆኑ ነው። ሻካራነቱ የሚሠራው እንዲህ ነው፦ ስስ ሙጫ ይቀባል፣ የተነፋ ጥሩ አሸዋ ይበተንበታል፣ ሲደርቅ በ180 ወረቀት ጫፉ ብቻ ይመታል፣ ከዚያ ቀለም። አሸዋውን እንዳለ የተወ ሰው የተዋናዩን መዳፍ ይልጠዋል።

የትኛው እጀታ ከየትኛው ሰደፍ ጋር ይሄዳል የሚለው የምርጫ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሰደፉ አጭር ሲሆን እጅ ወደ ደረት ይቀርባል፣ ክርን ወደታች ይወርዳል፤ ያኔ ዘንባላው እጀታ አንጓን ያጣምማል። ቀጥ ያለው ከአጭር ሰደፍ ጋር፣ ዘንባላው ከረጅሙ ጋር ይሁን። የተዋናዩ አንጓ ተጣሞ ከታየ የጠመንጃው ጥራት ምንም አይጠቅምም።

ሐምሌ መግቢያ፦ ሰደፍ

ሦስት ሰደፍ ታስቦ ሁለት ቀረ። አንደኛው የኤም 16 ኤ2 ቋሚ ሰደፍ ነው፤ ኤ2 ከቀደመው ኤ1 በ16 ሚሊ ይረዝማል። እኛ የሠራነው በኤ1 ልክ ነው። ምክንያቱ ወታደራዊ ጃኬት፣ በዚያ ላይ 3 ሴንቲ ውፍረት ያለው ሰደርያ የለበሰ ሰው የኤ2ን ሰደፍ ትከሻው ላይ ሲያደርግ ጠመንጃው ይሸሸዋል፣ አንገቱን ያሰግጋል። ልኩ መለካት ያለበት ከነልብሱ ነው። የቆየው ዘዴ ይሠራል፦ የሰደፉን ጫፍ ከክርን መታጠፊያ ላይ አድርጎ እጀታውን መያዝ፤ ጠቋሚ ጣት ምላጩ ላይ ያለ ጭንቀት ከደረሰ ልክ ነው። ጣቱ አልፎ ከሄደ አጭር ነው፤ ጫፉ ብቻ ከነካ ረጅም ነው።

ሁለተኛው ተንሸራታች ነው። እውነተኛው አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ማቆሚያ አለው፤ ለፊልም ሦስት ይበቃል፦ በ0፣ በ4ና በ8 ሴንቲ። ማቆሚያው 6 ሚሊ ቀዳዳ ነው፤ ከሥር በምትገባ ፒን ይያዛል። ስክሪፕቱ ላይ ተዋናዩ ሰደፉን የሚስብበት ትዕይንት ስላለ ፒኗ የእስክሪብቶ ሞላ ተደረገላት። የእስክሪብቶ ሞላ ልፍስፍስ ነው፤ ሁለት አንዱ ውስጥ አንዱ ሆኖ ሲገባ ጥሩ ይገፋል።

ትልቁ ችግር ሰደፉ ራሱ አልነበረም፤ ቱቦው ከቦዲው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው። ተዋናይ ተንበርክኮ ሲነሳ ሳያስበው ጠመንጃውን ይመረኮዘዋል። በአርባ ሴንቲ ክንድ ላይ የሰው ክብደት ሲያርፍ ጫናው በሙሉ ያቺ መገናኛ ላይ ነው። ቱቦው 4 ሴንቲ ብቻ ገብቶ የተጣበቀበት ናሙና በመጀመሪያው መመርኮዝ ተነቀለ፤ ፒቪሲ ላይ አራልዳይት በደንብ አይዝም፣ ላዩ በ80 ወረቀት ካልተቦጫጨረ ደግሞ ጭራሽ። አሁን ቱቦው 9 ሴንቲ ይገባል፣ ውስጡ በዋንዛ በትር ተሞልቷል፣ ሁለት 5 ሚሊ ብሎን ጎን ለጎን ሳይሆን አንዱ አግድም አንዱ ቁም ሆነው ያልፉበታል። ብሎኖቹ በአንድ አቅጣጫ ቢሆኑ ኖሮ እንጨቱ በዚያው መስመር ይሰነጠቅ ነበር።

የክረምቱ እርጥበት ሌላ ነገር አመጣ። ከዋንዛ የተቀረጸው ተንሸራታች ሰደፍ ደረቅ በነበረ ጊዜ ሸርተት ይል የነበረው ሐምሌ ሲገባ ያዘ። እንጨት ሲያብጥ ቀዳዳው ይጠባል። ቀዳዳውን በግማሽ ሚሊ አስፍቶ ውስጡን በቫርኒሽ መድፈን፣ ከዚያ ሻማ ማሸት። ሻማው ብቻ ለአንድ ቀን ይሆናል።

በስሪዲ ፕሪንተር የወጣው ሰደፍ ፒኤልኤ ከሚባለው ፕላስቲክ ነው። ፒኤልኤ 60 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳል፤ መስኮቱ ተዘግቶ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ጥቁር ዕቃ እዚያ መድረስ አያቅተውም። ፒኢቲጂ የሚባለው ሌላው ፕላስቲክ እስከ 80 ድረስ ይቋቋማል፤ ከቻሉ እሱን። መብራት ሲሄድ የሚቋረጥ ሕትመት አለና ሰደፉን በቁመቱ ለሁለት ከፍሎ በየተራ ማተም ይሻላል፤ መጋጠሚያውን ስቱኮ ይሸፍነዋል፣ ጠፍጣፋው ፊት ተኝቶ ስለሚታተምም ድጋፍ አይፈልግም።

የፊት መያዣ

እዚህ ላይ ጊዜ ማጥፋት ተገቢ ነው። ተመልካች ዘመኑን የሚያነበው ከፊት መያዣው ነው። ክብና ባለጎድን ከሆነ አሮጌ ነው፤ አጭርና ሞላላ ከሆነ የኤም 4 ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጎኑ በረጃጅም ቀዳዳ የተበሳሳ ከሆነ የቅርብ ጊዜ ነው። ስለዚህ የ90ዎቹ ታሪክ ላይ ባለቀዳዳውን መያዣ ማድረግ ስህተት ነው፦ ያ የቀዳዳ ሥርዓት፣ ኤም-ሎክ የሚባለው፣ ማግፑል የተባለው ኩባንያ ያወጣው በ2014 እ.ኤ.አ. ነው። ባለጥርሱ የፒካቲኒ ሐዲድ (ከላይ መነጽርና መብራት የሚታሰርበት) እንኳ በአሜሪካ ጦር መለኪያ የሆነው በ1995 እ.ኤ.አ. ነው።

ክቡ፦ ርዝመቱ 30 ሴንቲ፣ ከ50 ሚሊ ፒቪሲ። ጎድኖቹ ከ3 ሚሊ የናይለን ገመድ ናቸው፤ በየ1 ሴንቲው ቀለበት ሆኖ በሱፐር ግሉ ይያዛል፣ ከዚያ ስስ ስቱኮ በጣት ይቀባና ገመዱ ከቱቦው ጋር ይዋሐዳል። የገመዱ መጋጠሚያ ሁሉ ከሥር በኩል ይሁን። ገመዱን እንደ ሞላ ሳያቋርጡ መጠምጠም ይፈጥናል፤ ጎድኑ ግን ያጋድላል፤ ካሜራ ጎን ላይ ሲሆን ብሎን ይመስላል።

ሞላላው፦ 17 ሴንቲ፤ ቱቦው በሙቅ አየር ተለስልሶ በሁለት እንጨት መካከል ይጨመቃል። ዋናው ነገር እስኪበርድ አለመልቀቅ ነው። ቀድሞ ከተለቀቀ ወደ ክብነቱ ይመለሳል። ፒቪሲ ሲቃጠል ጢሱ መርዛማ ነው፤ ቡናማ መሆን ከጀመረ አልፏል፤ ሥራው ደጅ ይሁን።

ባለቀዳዳው፦ 30 ሴንቲ፣ ስምንት ጎን፣ ወርዱ 38 ሚሊ። የኤም-ሎክ ቀዳዳ 32 ሚሊ ርዝመት፣ 7 ሚሊ ወርድ አለው፤ በሁለቱ መካከል 8 ሚሊ ይቀራል፣ ስለዚህ በየ40 ሚሊው ይደገማል። 30 ሴንቲ ላይ ሰባት ቀዳዳ 272 ሚሊ ይይዛል፤ በየጫፉ 14 ሚሊ ይተርፋል። ቀዳዳው በእጅ ሲወጣ በሁለቱም ጫፍ በ7 ሚሊ በስቶ መሐሉን በቀጭን መጋዝ መክፈት፤ ክብ ጫፉን ድሪሉ ራሱ ይሠራዋል።

ከላዩ የሚሄደው ሐዲድ ትዕግሥት ይፈልጋል። ወርዱ 21 ሚሊ፣ በየ10 ሚሊው 5 ሚሊ ገደማ ስፋት ያለው ጎድጓድ አለው። ምልክቱ ሁሉ ከአንድ ጫፍ ይለካ። ከቀደመው ጎድጓድ እየተነሱ መለካት በየአንዱ ሲሦ ሚሊ ቢያሳስት 30ኛው ላይ 1 ሴንቲ ይደርሳል። ሌላው በብዙ የፊልም ጠመንጃ የሚታይ ጉድለት፦ ቦዲው ላይ ያለው ሐዲድና መያዣው ላይ ያለው ሐዲድ ሲገናኙ ምታቸው ይሰበራል፤ መሐል ላይ አንድ ወፍራም ጥርስ ይቀመጣል። መያዣው ሲቆረጥ የመጀመሪያው ጎድጓድ ከቦዲው የመጨረሻ ጎድጓድ በትክክል 10 ሚሊ እንዲርቅ ተደርጎ ነው መቆረጥ ያለበት። ይህን ካስተካከሉ ቦዲው ላይ ያለ ሌላ ብዙ ጉድለት ይሸፈናል።

አተሳሰሩ ለሦስቱም አንድ ነው፦ ከኋላ ቦዲው ላይ የቀረ 2 ሴንቲ ርዝመት ያለው ክብ አንገት፣ ከሥር አንድ 5 ሚሊ ብሎን። የፊቱ ጫፍ አፈሙዙን እንዲነካ አያስፈልግም፤ ግን ባዶ ከቀረ ይንኳኳል፤ የድምፅ ባለሙያው ደግሞ መጀመሪያ የሚሰማው ይህን ነው። ከውስጥ ጎማው 15 ሚሊ ወርድ ያለው ቁራጭ አፈሙዙ ላይ ሁለት ዙር ተጠምጥሞ መያዣው ተገፍቶ ሲገባበት ዝም አለ።

ሐምሌ መጨረሻ፦ ክብደት

እውነተኛው ኤም 4 ያለ ካርታ 2.9 ኪሎ ያህል ነው። 1 ኪሎ የሆነ ጠመንጃ ተዋናዩ እጅ ላይ ይበራል፤ ሲሮጥ ጫፉ ይወዛወዛል። 16 ሚሊው ብረት በሜትር 1.58 ኪሎ ስለሚመዝን 37 ሴንቲ ከውጭ፣ 10 ሴንቲ ቦዲው ውስጥ ሲሆን 740 ግራም ገደማ ይሰጣል። ይሄ ብቻ ግን አፍንጫውን ያከብደዋል። በአንድ ጣት ሲንጠለጠል ሚዛኑ ከካርታው ፊት ለፊት፣ ከ5 ሴንቲ ባልበለጠ ርቀት ላይ መውደቅ አለበት። ቋሚው ሰደፍ ሆዱ ውስጥ 250 ግራም ቁርጥራጭ ብረት በሙጫ ታሰረለት፤ ተንሸራታቹ ቦታ ስለሌለው የእሱ ክብደት ካርታው ውስጥ ገባ። የመውደቅ ትዕይንት ያለበት ቀን በዚህ አይሠራም፤ ለዚያ ከስፖንጅና ከጎማ የተሠራ ቅጂ ይያዝ። ሁለት ኪሎ ተኩል ብረትና እንጨት ጥርስ ይሰብራል።

ቀለም

ሁሉን በአንድ ጣሳ ጥቁር መቀባት ሥራውን ያበላሻል። ቦዲው አሉሚኒየም፣ ሰደፉና እጀታው ፕላስቲክ መምሰል ስላለባቸው ጥቁረታቸው ይለያይ። ቦዲው ላይ ከጥቁሩ ሥር ግራጫ ይኑር፣ ጥቁሩ ስስ ይሁን፤ ጠርዞቹ በእርሳስ ዱቄት በጣት ይታሹ። ሰደፉ ላይ ስፕሬዩ ከ50 ሴንቲ ርቀት ይነፋ፤ ቀለሙ አየር ላይ ግማሽ ደርቆ ስለሚያርፍ የፕላስቲክ ሻካራነት ይሰጣል። አብረቅራቂ ቀለም አይታሰብ። ሐምሌ ላይ ጠዋት የተቀባ ማት ቀለም ነጭ ጉም ያወጣል፤ እርጥበቱ ነው፤ ፀሐይ ስትወጣ መቀባት።

ነሐሴ፦ መንገድ ላይ

ቀረጻው ቸርችል ጎዳናና ራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ ነው። ጠመንጃው ከቅርብ ሲታይ እንጨት ነው፤ ከመንገዱ ማዶ ለሚያይ ሰው ግን ጠመንጃ ነው። ስለዚህ ተፈታቶ ይጓዛል፦ ሰደፉ፣ መያዣውና ቦዲው ለየብቻቸው ዚፕ ባለው ቦርሳ። የሚገጣጠመው ቀረጻው ቦታ፣ የአካባቢው ፖሊስ ጣቢያ ደብዳቤው ደርሶትና ፈረቃው ላይ ያሉት ፖሊሶች ዓይተውት ሲያበቁ ነው። በእረፍት ሰዓት ለተዋናይ አይተውም፤ ማኪያቶ ሊጠጣ ይዞት የሚሻገር አይጠፋም።

ከአንዱ ቅርጽ ወደ ሌላው ለመቀየር የሚፈቱት ብሎኖች ሦስት ናቸው፦ አንድ የእጀታው፣ አንድ የመያዣው፣ አንድ የሰደፉ። ሦስቱም በአንድ የ5 ሚሊ አለን ቁልፍ እንዲፈቱ የብሎኖቹ ራስ አንድ ዓይነት ተደርጓል። የ6 ሚሊ ብሎን አለን ራስ 5 ቁልፍ ሲፈልግ የ5 ሚሊው 4 ስለሚፈልግ የመያዣውና የሰደፉ ብሎኖችም ወደ 6 ሚሊ አደጉ፤ ቀዳዳዎቹም አብረው ሰፉ። ቦርሳው ውስጥ ትርፍ የሚያዘው፦ አራት ብሎን፣ ፕላስቲክ ያለው ዳዶ አራት፣ ሁለት ቁልፍ፣ የሞላ ጥንድ፣ አንድ ጥቅል የውስጥ ጎማ፣ ትንሽ ማት ስፕሬይ። ፕላስቲክ የሌለው ዳዶ ተዋናዩ በሮጠ ቁጥር ይላላል፤ የእጀታው ዳዶ ላሜራ ላይ የተበየደ ስለሆነ ፕላስቲክ ሊኖረው አይችልምና እሱ በየትዕይንቱ መሐል በእጅ ይፈተሽ።